ያልተከፈቱ መቶ አርባ ዘጠኝ በሮች

ጥቅምት 4 ቀን

ለእህቴ፣ ለሌላዋ አክስቴ ልጅ፤ በቤት ስምሽ ለእሜቴ ለምን፣ በወረቀት ስምሽ ለዶክተር፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በሚመች ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ያግኝሽ። እኔ ጤናው አለኝ፤ ወንበሩ ደግሞ እየመጣ ነው። ሁለታችንንም ያሳደገችን አክስታችን ደህና ናት። ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወጥቼ አየኋት፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቅርባልኝ "ከሳህ ልጄ" አለችኝ። ስምንት ኪሎ ጨምሬያለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ተውኩት። በስልክ ስትስቂ ይሰማኛል፤ በደብዳቤ ግን እንዳሻሽ ብትንከተከቺ ለእኔ ጸጥታ ነው። እነሆ፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጠይቅ ታቅፌ የሰው በር ሳንኳኳ፣ ውሻ ሲያሯሩጠኝ፣ "ምን ልትሸጥ ነው?" ስባል የኖርኩት ወንድምሽ፣ በጥናት ድርጅታችን ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ውጤት ይዤ መጥቻለሁ። የከተማው ውሃ ክፍል ነዋሪው በአገልግሎቱ ረክቶ እንደሆነ አጥኑልኝ ብሎን ነበር። የመስኩን ሥራ የመራሁት እኔ ነኝ። ዘጠና ከመቶ ረክቷል። በፊደልም በቁጥርም ልጻፍልሽ፦ 90። ለወለደችው እናቱ ዘጠና ከመቶ የሚሰጥ ልጅ በሌለበት ዘመን ለቧንቧ ተሰጠ።

ሥራ አስኪያጁ ሲያነበው መነጽሩን አውልቆ ወለወለና ድጋሚ አነበበው። የመስክ ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንበራቸው ባዶ ነው። ለቦታው የቀረብነው ሁለት ሰዎች ነን፦ እኔና ከረባቱ። ከረባቱ ማለት ስድስት ዓመት ሲሠራ ከሥራ አስኪያጁ በር በቀር አንድም በር አንኳኩቶ የማያውቅ ባልደረባዬ ነው። ውሳኔው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ክፍሉን ገብቼ አየሁት፤ የነሐስ እጀታ ያለው በር፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ አረንጓዴ መጋረጃ። ማንም ሳያየኝ ወንበሩን አንድ ዙር አዞርኩት።

ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ፣ ቁልፍ ያለው። ሁለተኛ፣ የመሥሪያ ቤትሽ አርማ ባለበት ወረቀት "እንኳን ደስ አለህ" ብለሽ፣ ከስምሽ ፊት "ዶክተር" የሚለውን ጎላ አድርገሽ ጻፊልኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ድንገት እንደረሳሁት ሰው አደርገዋለሁ። ሦስተኛ፣ ምን ደረጃ እንደደረስሽ ንገሪኝ። አክስታችን "ትልቅ ቦታ ላይ ናት" ከማለት በቀር ዝርዝር የላትም። ትልቁ ቦታ ስንተኛ ፎቅ ነው?

ወንድምሽ፣ በስምንት ወር ታላቅሽ

———

ኅዳር 3 ቀን

ለታላቄ፣ ለባለ ዘጠናው፤

ሰላምታዬ ከበርህ ይድረስ፤ በርህም ከፍቶ ያስገባው። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? አክስታችን የዓይን መነጽሯን አሠራች ወይ? ወንበሩ በየትኛው ጎን ይዞራል?

ደብዳቤህን ሳነብ እጅግ ደስ አለኝ። ደስታዬ ከመብዛቱ የተነሳ አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ የሥራ ባልደረቦቼን ሦስት ኩባያ አጠብኩ። አንዱ ታጥቦ የተቀመጠ ነበር።

ቡናማ ቦርሳ ጠፍቷል፤ ጥቁር ይሆናል? ባለ አርማውን ወረቀት በተመለከተ፣ መሥሪያ ቤታችን ለግል ጉዳይ አይፈቅድም።

አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ አለችኝ፤ ከሙያ ልማድ ናት፣ ቅር እንዳይልህ። ስንት በር ሳይከፈት ቀረ? ዘጠና ከመቶ ብለሃል፤ የማን መቶ? የለመንካቸው ሁሉ ናቸው ወይስ የመለሱልህ ብቻ? እንደምታውቀው እንጀራዬ መላሾቹ አይደሉም፤ ዝም ያሉት ናቸው። አሥራ ሦስት ዓመት ያጠናሁት ዝም ያለ ሰው ከተናገረው ሰው ይለይ እንደሆነ ነው። ከተለየ፣ የተናገሩትን ብቻ ቆጥሮ ስለ ሁሉም መፍረድ በሠርግ ቤት ተቀምጦ ስለ ሐዘን መጻፍ ነው።

የሚወዱህ ሁሉ በደስታህ ደስ ይበላቸው፤ እኔም እየሞከርኩ ነው።

እህትህ

———

ኅዳር 21 ቀን

ለዶክተሯ፣ ኩባያ ለምታጥበው፤

ፈጣሪ ጤናውን ያብዛልሽ፤ ጥያቄውን ይቀንስልሽ። ጤናዬ ደህና ነው። ጉልበቴ ዳገት ላይ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ሜዳ ላይ ዝም ይላል። አክስታችን መነጽሯን አሠርታለች፤ "አሁን ደግሞ አቧራው ታየኝ" ብላ ታማርራለች። ወንበሩ በሁለቱም ጎን ይዞራል። ጥቁር ቦርሳ ይሆናል።

ጥያቄሽን አይቻለሁ። በር ማለት መቼም ሲከፈት የሚከፈት፣ ሲዘጋ የሚዘጋ ነገር ነው፤ ስለ በር ብዙ ማለት ይቻላል። ስለ መጋረጃው ግን ልንገርሽ። አረንጓዴ ነው ብዬሽ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፀሐይ የመታው ወገን ደብዝዟል። ስሾም አሳጥበዋለሁ ወይስ እቀይረዋለሁ በሚለው ላይ ሐሳቤ ተከፍሏል። ማሳጠቡ ትሕትና ነው፤ መቀየሩ ሥልጣን ነው። ከረባቱ ትናንት እዚያ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሞ መስኮቱን በዓይኑ ሲለካ ደረስኩበት። "ለመጋረጃ ነው?" አልኩት። "ለንጹሕ አየር ነው" አለኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ይዋሻል?

ይልቅ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሦስተኛ ወጥቼ እየሮጥኩ መጣሁ። ቤቱ በእልልታ ሲሞላ አንቺ ጥግ ላይ ቆመሽ "ስንት ልጅ ነው የተፈተነው?" አልሽ። አራት ነበርን፤ የቀረውን የክፍሉን ልጅ ሁሉ ጉንፋን ይዞት ነበር። አክስታችን አንቺን ቆጣችሽ፣ እኔን ግን ከዚያ በኋላ ማንም አላቀፈኝም። ሠላሳ ምናምን ዓመት አለፈ፤ አሁንም በሰው ደስታ ላይ ወንፊት ይዘሽ ትመጫለሽ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለማን እንደሆነ ዶክተር የሆነ ሰው አይጠፋውም።

ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለሽ አልነገርሽኝም።

ታላቅሽ

———

ታኅሣሥ 12 ቀን

ለወንድሜ፣ ለጋሽ መጋረጃ፤

ሰላምና ጤና፣ የተረፈውም ሁሉ ይሁንልህ።

ደብዳቤህን እንደ መጠይቅ ቆጠርኩት። ስለ ጤናህ፣ ስለ ጉልበትህ፣ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ቦርሳው ጠይቄህ አንድ በአንድ መልሰሃል። ስለ መጋረጃው ሳልጠይቅህ ግማሽ ገጽ ጻፍክ። አንዲቷን ብቻ ዘለልካት። ሰው ሌላውን ሁሉ በደስታ መልሶ አንዲት ጥያቄን ሲዘል፣ ነገሩ ያለው የዘለላት ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ትልቅ ነው ማለት ነው፤ ትንሽ ቢሆን ኖሮ በፊደልም በቁጥርም ትጽፍልኝ ነበር።

ቁጥሩን አትንገረኝ። ለራስህ አንድ ነገር አድርግ። መጠይቅ ሞዪዎችህ በእያንዳንዱ ቅጽ አናት ላይ በሩ በስንተኛው ጉዞ እንደተከፈተ ይጽፋሉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ቅጾቹን በሦስት ክምር ለያቸውና በእያንዳንዱ ክምር ስንቱ እንደረካ ቁጠር። ሦስቱም ክምሮች እኩል ከሆኑ፣ ቡናማ ቦርሳ ገዝቼ በግንባሬ ተደፍቼ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው እያነሰ ከሄደ ግን ሥጋት ይግባህ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰህ በጭንቅ ያገኘኸው ሰው፣ ጭራሽ ላላገኘኸው ሰው የቅርብ ዘመዱ ነው። ሟቹን ባታየውም ወንድሙን አይተህ መልኩን ትገምታለህ።

የጉንፋኑን ነገር ረስቼው ነበር። ግን ጥያቄው ትክክል ነበር።

እህትህ

———

ጥር 26 ቀን

ለእህቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። መልሴ ወር ተኩል ሊሞላው ሲል የደረሰሽ በብርድ፣ በፖስታ ቤቱ እድሳትና እስክሪብቶዬ ቀለም በመጨረሱ ነው። ካላመንሽ አትመኚ።

አራት መቶ በር መረጥን። ሁለት መቶ ሃምሳ አንዱ ተከፈተ። መቶ አርባ ዘጠኙ አልተከፈተም። ይኸው ጻፍኩት፤ እጄ አልተቆረጠም።

ክምሩንም ሠራሁት። ቢሮ ውስጥ ከረባቱ እንዳያየኝ ቅጾቹን ቤቴ ወስጄ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። በመጀመሪያው ጉዞ ከከፈቱልን መቶ ዘጠና ሰዎች መቶ ሰማንያ አንዱ ረክተዋል፤ ዘጠና አምስት ከመቶ ነው፣ ጨፈርኩ። በሁለተኛው ጉዞ ካገኘናቸው አርባ አንድ፣ ሠላሳ ሦስቱ፤ ሰማንያ ከመቶ። በሦስተኛው ካገኘናቸው ሃያ ሰዎች ግን የረኩት አሥራ ሁለት ናቸው። ስድሳ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ሦስተኛውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ፣ ምናልባት ያፍርና ይጨምር እንደሆነ ብዬ። ደረጃ ነው እህቴ፣ ቁልቁል የሚወስድ ደረጃ። ከታች ማን እንደሚኖር አላውቅም።

ደግሞ አንዱን ልመርምር ስል ሌላ ወጣ። ያልተከፈቱትን በሮች በከተማው ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ምልክት አደረግሁ። ከመቶ አርባ ዘጠኙ መቶ አሥራ ስምንቱ ዳገቱ ላይ ናቸው፤ እኛ ያደግንበት ሰፈር። ካርታው ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ። የቅጾቹ አስተያየት ቦታ ላይ "ሰው የለም፣ ሰው የለም፣ ሰው የለም" ተብሏል። ሥራ ሄደው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አሁን የምለምንሽ ተለውጧል። ቦርሳው ይቅር። የአንቺ ሳይንስ መድኃኒት የለውም ወይ? ዘጠናውን ሳይነካ ሕሊናን ብቻ የሚያስተኛ ስሌት? ካለ በፍጥነት ላኪው። ከሌለ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ቅደጂው፤ ለማንም፣ በተለይ ለአክስታችን እንዳትናገሪ። ወንበሩን ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች።

አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። በጥቅምት ምን ደረጃ እንደደረስሽ ጠየቅሁሽ፤ ዘለልሽው። በኅዳር ጠየቅሁሽ፤ ዘለልሽው። ይህ ሦስተኛው ማንኳኳት ነው። እኔም እኮ በር አንኳኪ ነኝ፤ ከበሩ በስተጀርባ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ወንድምሽ

———

የካቲት 15 ቀን

ወንድሜ፤

ሰላም ላንተ። ሌላውን ምርቃት ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

ፎቅ የለም። ምድር ቤት ነኝ። ጠረጴዛዬን ከሁለት ሰዎች ጋር እጋራለሁ፤ በመስኮቴ የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ነው። የሰውን ጠባይ ከጫማው ማወቅ ችያለሁ፤ ለዚህ ግን ማዕረግ አይሰጥም። ባለፈው መስከረም የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ተከፈተ። ካባ ለብሶ ሲመረቅ ያጨበጨብኩለት፣ አማካይ ማውጣት ያስተማርኩት ልጅ ተሾመ። አሁን የዓመት ዕረፍቴን የሚፈርምልኝ እሱ ነው። ትሑት ነው፤ "መምህሬ" እያለ ነው የሚከለክለኝ።

የአንተ መጋረጃ የደረሰኝ በዚያ ሰሞን ነው። አነበብኩትና እነዚያን ሦስት ኩባያዎች አጠብኩ። ስንት በር ሳይከፈት ቀረ ብዬ የጠየቅሁህ ለሳይንስ እንዳይመስልህ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የጠየቀችህ ግን ቅናቴ ናት። የጉንፋኑንም ቀን እሷ ነበረች።

መድኃኒት የለም። ማጣሪያ ግን አለ። ከመቶ አርባ ዘጠኙ ሠላሳ በር በዕጣ አውጣ፤ በዓይንህ አትምረጥ፣ ዓይንህ ወንበር ያያልና። ሰው አትላክ፤ ራስህ ሂድ። ረጅሙን መጠይቅ ጥለህ አንዲቷን ጥያቄ ብቻ ያዝ፦ ረክተዋል ወይስ አልረኩም? ሰዓቱን ቀይር። ሠራተኞችህ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ነው የሚያንኳኩት፤ በዚያ ሰዓት እዚያ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ የት ይሄዳል? በሩ ላይ ቆመህ መልስ አትጠብቅ፤ ሄደህ ሰዎቹን ፈልጋቸው።

ብትተወው አልፈርድብህም። ብታደርገው ግን እቀናብሃለሁ፤ እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ዝም ያሉ ሰዎችን ሳጠና ከአንዳቸውም ጋር ተነጋግሬ አላውቅም።

እህትህ

———

መጋቢት 20 ቀን

ለእህቴ፤

ጤናሽን ያቆይልኝ። ስለ ምድር ቤቱ ሳነብ አዘንኩ። ድጋሚ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ያነበብኩት ለደስታ ነበር። አንቺ ስለነገርሽኝ ነው እኔም የምነግርሽ።

ዕጣውን ከአሮጌ ባርኔጣዬ አወጣሁ። አሥራ ዘጠነኛው ወረቀት ላይ የአክስታችን ቤት ቁጥር ወጣ። ልመልሰው እጄን ሰደድኩ፤ የአንቺ ድምፅ መጣብኝና ተውኩት።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ዳገቱ ላይ ነበርኩ። አንድም በር አልተከፈተልኝም። ሦስተኛው አጥር ጋ ስደርስ የባዶ ጀሪካን ድምፅ ሰማሁ፤ ተከትዬው ሄድኩ። ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ቦኖ አለች፤ ፊት ለፊቷ የጀሪካን ሰልፍ፣ ከጀሪካኑ ጎን የሰው ሰልፍ፣ እስከ ጥጉ። "ሰው የለም" የተባለው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። ቧንቧው በየግቢያቸው አለ፤ ውሃው ግን ዳገቱን አይወጣም። ቦኖዋ የምትከፈተው ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። እኛ በራቸውን ስናንኳኳ እነሱ ውሃ ሊቀዱ ወጥተዋል። ስለ ውሃ የጠየቅነው ውሃ ያለውን ነው፤ የሌለው ውሃ ፍለጋ ሄዶ ነበር።

ሜትሩን አንገቱ ላይ የጠመጠመ አንድ ልብስ ሰፊ ምን እንደፈለግሁ ጠየቀኝ። ስነግረው ለሰልፉ ሁሉ አሰማ፤ ዘጠና ከመቶ ረክታችኋል ተብሏል ብሎ እንኳን ደስ አላችሁ አላቸው። አንዲት ሴትዮ ከዘጠናው የሷን ድርሻ በጀሪካን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ልብስ ሰፊው ስለ ራሰ በራነት ለማጥናት ፀጉር አስተካካይ ቤት መቀመጥ ይሻለኝ እንደነበር መከረኝ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

በአራት ጠዋቶች ከሠላሳው ሃያ ሰባቱን አገኘሁ። አንዱ ሰፈር ቀይሯል፣ አንዱ ሐኪም ቤት ተኝቷል፣ አንዷ "ሥራ ፈት" ብላኝ አልፋለች። የረኩት አራት ናቸው።

አሁን ስለ አሥራ ዘጠነኛዋ። ከሰልፉ ዘጠነኛ ነበረች፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ። ስታየኝ ልብስ ሰፊው ጀርባ ተደበቀች። እዚያ መሰለፍ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እሁድ ከሰዓት ስሄድ የምታቀርብልኝ ብርጭቆ ከዚያ ዳገት በጀርባዋ የወጣ ነው፣ እኔም ግማሹን ጠጥቼ ግማሹን እደፋው ነበር። ወግ ነውና እንደ ባዳ ሰው ቅጹን ይዤ ቆምኩ፤ አገልግሎቱን እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኋት።

ግራ ቀኝ አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ወንበሩን የሚያሰጥህ የትኛው ነው?" አለችኝ።

ይህ አይባልም አልኳት። የተሰማሽን ነው የምትናገሪው አልኳት።

"እንግዲያው ረክቻለሁ። ጻፍ። ደግሞ አጥብቀህ ጻፈው።"

ደንቡ መላሹ ያለውን መጻፍ ነው። ጻፍኩት። ከአራቱ የረኩ ሰዎች አንዷ አክስታችን ናት። ጀሪካኑን ልሸከምላት ስል "ተው፣ ልብስህ ይረጥባል፤ የቢሮ ሰው ነህ" አለችኝ። ተሸከምኩት። ጉልበቴ እስከ ቤት ድረስ ሰደበኝ።

ወንድምሽ

———

ሚያዝያ 9 ቀን

ለወንድሜ፤

ጤናና ጉልበት ለሁለታችሁም።

ደብዳቤህን ምድር ቤቴ ውስጥ አነበብኩት፤ ውጭ ጫማዎቹ ያልፋሉ። ስለ ዳገቱ አዘንኩ፤ ስለ ጀሪካኑም። የሐዘኔን ግማሽ ግን ቅናት በላው። ሳይንሱን ትቼ እውነቱን ልንገርህ፦ አክስታችን ለኔ ዋሽታልኝ አታውቅም። ለአንተ ወረፋ መሃል ቆማ፣ ሰው እያያት፣ ለመንግሥት ወረቀት ዋሸች። አጥብቀህ ጻፈው ብላ።

ለኔስ? እሁድ እሁድ ጠዋት እደውልላታለሁ፤ ስልኩ እየጮኸ እየጮኸ አታነሳም። አራተኛው ጥሪ ላይ ታነሳና "ተቀምጬ ነው" ትለኛለች። ስለ ውሃው ባለፈው እሁድ ጠየቅኋት፤ "የምን ውሃ? ይወርዳል" አለችኝና የአንተን መጋረጃ ታወራኝ ጀመር። ለአንተ ነፍሷን ትሰጣለች፣ ለኔ ስልክ ለማንሳት ይከብዳታል። ዝም ያለ ሰው ለምን ዝም እንዳለ ማወቅ ሙያዬ ነው፤ ይህን ግን ልፈታው አልቻልኩም። ምናልባት መልሱን ስለማውቀው ይሆናል።

ስሌቱ ይኸው። ከሃያ ሰባቱ አራቱ ከረኩ፣ ከመቶ አርባ ዘጠኙ ሃያ ሁለት ያህሉ ረክተዋል ማለት ነው። ከከፈቱልህ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት እርካታ ጋር ሲደመር ሁለት መቶ አርባ ስምንት፤ ከአራት መቶ። ዘጠናህ ስድሳ ሁለት ሆነ። አክስታችንን ካመንናት።

የውሳኔው ቀን እየደረሰ እንደሆነ አውቃለሁ። ምን እንዳደረግህ ጻፍልኝ። ባትጽፍም ይገባኛል።

እህትህ

———

ግንቦት 4 ቀን

ለእህቴ፣ ለእሜቴ ለምን፤

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ መስኮትሽንም ከጫማ በላይ ያድርግልሽ።

ስድሳ ሁለቱን አቀረብኩት። ረጅም ጠረጴዛ፤ በአንዱ ጫፍ ሥራ አስኪያጁ፣ በሌላው የውሃ ክፍሉ ሹም፣ ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ ደርድረው። ደረጃውን፣ ካርታውን፣ ሰልፉን አስረዳሁ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ፤ በዚህኛው ጊዜ መልሶ አላደረገውም። ሹሙ ጥናቱን ያሠሩት ለማወቅ እንጂ ለመረበሽ እንዳልሆነ ተናገሩ። ከረባቱ እጁን አውጥቶ አንድ ሥጋት እንዳለው ገለጸ፤ ሰዓቱን ከቀየርን ሰዎቹን እናገኛቸዋለን፣ ካገኘናቸው ደግሞ ውጤቱ ይለወጣል አለ። ሥጋቱ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

ከረባቱ ተሾመ። መጋረጃውን አላሳጠበውም፣ ቀይሮታል። ከጠረጴዛዬ ቀና ስል በበሩ ክፍተት ይታየኛል፤ ቢጫ ነው፣ ያምራል፤ ማማሩ ነው የሚያንገበግበኝ። ጥናቱ "ለተጨማሪ ጥናት" ተብሎ ሳጥን ገባ። ከውሃ ክፍሉ አንድ ባለሙያ ዳገቱን ወጥቶ ቧንቧውን ለክቶ ነበር። ሲጨርስ ደከመውና ከጎረቤት ውሃ ለምኖ ጠጥቶ ሄደ።

ለአክስታችን ነገርኳት። ተቆጣች።

"ረክቻለሁ አላልኩህም ወይ?"

ብለሽኛል፣ ተቆጥሮልሻል አልኳት።

"ታዲያ ስንት ሰው ነው የጎደለህ? ቀድመህ ብትነግረኝ ሰልፉን በሙሉ አረካልህ ነበር።"

አሁን ወዳንቺ ቅናት ልመለስ። ከዚያ ወዲህ እሁድን ከከሰዓት ወደ ጠዋት አዛውሬዋለሁ፤ ጀሪካኑን አብረን እንወጣለን። ባለፈው እሁድ በሩ ጋ ስንደርስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አንቺ ነሽ። ጀሪካኗን ጥላ እየሮጠች ገባች፤ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ነው። እኔ ላንሳው ብዬ እጄን ስዘረጋ በጥፊ መታችኝ። ስልኩ ይጮሃል፣ እሷ ደረቷን ይዛ ቆማለች። በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን አበሰች። ሻሿን ፈታ ድጋሚ አሰረችው፤ ፀጉሯን ወደ ውስጥ አስገባች፣ ልክ የምታያት ይመስል። አንድ ሁለቴ ተንፍሳ ድምፅዋን ሞከረችው፤ ገና ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ጮኸ። አራተኛው ላይ ድምፅዋ ሲረጋ አነሣችው።

"አለሁ የኔ ልጅ፤ ተቀምጬ ነው" አለችሽ፣ ቆማ።

ምንም እንደማይጎድላት ነገረችሽ። መጋረጃዬ አረንጓዴ እንደሆነ ነገረችሽ። ሳቀች፣ መረቀችሽ፣ ዘጋችው፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ለእኔ የዋሸችልኝ አንድ ቀን ነው፤ ያውም በወረፋ መሃል፣ እንደነገሩ። ለአንቺ ግን ሻሿን አስተካክላ ነው። እስከ ዛሬ ስንት እሁድ እንዲህ እንዳደረገች እንጃ። ጀሪካኑን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀናሁ።

ወንድምሽ